ሩጫው ካበቃ በኋላ የሚመጣው ማፈን
አስም ያለበት ሰው ሲሮጥ በሳንባው የደም ሥሮች ውስጥ ምን ይሆናል?



በትምህርት ቤታችን የስፖርት ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር ከግድግዳው ጥላ ሥር የሚቀመጥ አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። አስም አለበት። እናቱ ያስመዘገበችው ዕለት «አደራ፣ አታስሩጡብኝ» ብላን ስለነበር እኛም አደራዋን ጠብቀን የጓደኞቹን ደብተርና ጫማ ጠባቂ አደረግነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ተቀመጠ። ደግ የሠራን መስሎን ነበር።

አንድ ቀን ከሌላ ክፍል ጋር ግጥሚያ ሆኖ አንድ ተጫዋች ጎደለ። ልጁ ለመነን፤ ጓደኞቹም ለመኑለት። እሺ አልን። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው አቧራማ ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል እንደ ማንኛውም ልጅ ሮጠ፤ እንዲያውም አንድ ጎል አገባ። «ታዲያ ምኑን ነው የፈራነው?» ተባባልን። ጨዋታው አለቀ፣ ልጆቹ ጀሪካኑን ከበው ውሃ መጠጣት ጀመሩ፣ እኛም ወደ ክፍላችን ገባን። ብዙም ሳንቆይ አንዲት ተማሪ እየሮጠች መጥታ ጠራችን። ስንደርስ ልጁ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ፣ ደረቱ ሲር ሲር ሲል አገኘነው። ፓፉ ያለው ቤት ነው። ከእኛ አንዱ ራሱ ላይ ውሃ አፈሰሰ፤ ሌላው በጀርባው ሊያስተኛው ሞከረ፤ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ዙሪያውን ከበው ቆሙ። እናቱ ፓፉን ይዛ እስክትደርስ ያለፈው ጊዜ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ለእኛ ግን ዓመት ነበር። ደግነቱ ልጁ ተሻለው።

እናቱ አልተቆጣችንም። የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ሲሮጥ ደሙ ሳንባው ውስጥ እየታፈነበት ነው ወይስ የደም ሥሩ እየተዘጋበት?» አለችን። መልስ አልነበረንም። የገረመን ሌላም ነገር ነበር፤ በሩጫው ጊዜ ደህና የነበረ ልጅ ቁጭ ካለ በኋላ ስለምን ታፈነ? ከዚያ ወዲህ የጤና ባለሙያዎችን ስንጠይቅና ስናነብ የቆየነውን በዚህ እትም እናቀርባለን። ሐኪሞች አለመሆናችንን ግን ከወዲሁ እንናገራለን። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚሰጠውን መድኃኒትና መጠኑን የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው።

በደቂቃ አንድ ጀሪካን ደም

እንደሚታወቀው የሰው ልብ በአንድነት የሚሠሩ ሁለት ፓምፖች ማለት ነው። የግራው ፓምፕ ደሙን ወደ መላው ሰውነት ይገፋል፤ የቀኙ ደግሞ ወደ ሳንባ ብቻ። በክሊኒክ ክንዳችን ላይ ጨርቅ ጠምጥመው «120 በ80» የሚሉን የግራውን ፓምፕ ግፊት ነው። የሳንባውን ግፊት ማንም በክንድ ላይ አይለካውም። ቢለካ ግን የምናየው ቁጥር በጣም ትንሽ ነው። የመላው ሰውነት ግፊት በአማካይ 90 አካባቢ ሲሆን የሳንባው 15 አካባቢ ብቻ ነው። የሳንባ የደም ሥሮች ግድግዳቸው ስስ፣ ጠባያቸው ለስላሳ ነው፤ ብርቱ ግፊት አልተሠራላቸውም።

ይሁን እንጂ ከሰውነታችን ውስጥ ደሙ ሁሉ የሚያልፍበት አካል ሳንባ ነው። ቁጭ ባልንበት በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ያልፍበታል፤ ይህም የሃያ ሊትሩ ጀሪካን ሩብ መሆኑ ነው። በርትተን ስንሮጥ ጀሪካኑ ይሞላል፤ በደቂቃ 20 ሊትር ይደርሳል። በታላላቅ ሯጮች ደግሞ ከ30 ሊትር ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ በአንድ ቀጭን ቱቦ ውስጥ አራት እጥፍ ውሃ ብንለቅ ቱቦው መወጠሩ፣ ምናልባትም መፈንዳቱ አይቀርም። የብዙ ወላጆች ፍርሃትም ይኸው ነው፤ «የሳንባው የደም ሥር ይበጠስበታል» ይሉናል።

ሳንባ ግን አንድ ቱቦ አይደለም። ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባባቸው ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን የሚገመቱ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። እያንዳንዱን ከረጢት ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች እንደ መረብ ይሸፍኑታል። ቁጭ ባልን ጊዜ ከእነዚህ ሥሮች ብዙዎቹ፣ በተለይም በሳንባው የላይኛው ክፍል ያሉት፣ ያለ ሥራ ወይም በጥቂት ሥራ ያርፋሉ። መሮጥ ስንጀምር ያረፉት ይከፈታሉ፤ የተከፈቱት ደግሞ ይሰፋሉ። የትምህርት ቤት ደወል ሲደወል አንዱ በር ብቻ ክፍት ከሆነ ግፊያ ነው፤ አምስቱም በሮች ከተከፈቱ ግን ተማሪው ሁሉ ያለ ግፊያ ይወጣል። ከዚህም የተነሳ ደሙ አራት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ አይሆንም፤ የሚጨምረው በመጠኑ ነው። አንዲት ቀይ የደም ሴል በእነዚያ ጥቃቅን ሥሮች ውስጥ የምትቆይበት ጊዜ በዕረፍት ከአንድ ሴኮንድ ሦስት አራተኛው ያህል ነው። በሩጫ ጊዜ ይህ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ለጤነኛ ሳንባ ግን ይኸው ጊዜ ኦክስጅን ለመጫን ይበቃል።

አስም ያለበት ሰውስ? ሕመሙ ባልተነሳበት ጊዜ አብዛኞቹ አስም ያለባቸው ሰዎች በእነዚህ የደም ሥሮች ረገድ ከሌላው ሰው የተለዩ አይደሉም። የሳንባቸው የደም ግፊት ጤነኛ ነው፤ በሩጫ ጊዜም ያረፉት ሥሮቻቸው ይከፈታሉ። የአስም ቤቱ የአየር ቧንቧው ነው። በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ መቆጣት አለ። ከዚህም የተነሳ ቧንቧው በትንሽ ነገር ያብጣል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ አክታም ይሞላበታል። የተዘጋው የአየሩ መንገድ እንጂ የደሙ መንገድ አይደለም።

በር ወደተዘጋበት ቤት የማይሄድ ውሃ ሻጭ

እዚህ ላይ የእናትየዋን ጥያቄ ግማሹን እውነት የሚያደርግ ነገር አለ። አስም ሲነሳ ሁሉም የአየር ቧንቧ እኩል አይጠብም። አንዱ የሳንባ ክፍል አየር በደህና ሲያገኝ ጎረቤቱ ይዘጋል። ወደተዘጋው ክፍል የሚሄደው ደም ታዲያ ኦክስጅን ሳያገኝ ባዶውን ይመለሳል። በሀርጌሳ መንገዶች በአህያ ጋሪ ውሃ የሚሸጠውን ሰው አስቡት። በሩ ተዘግቶ የሚከፍትለት የሌለበት ቤት ፊት ቆሞ ጊዜውን አያጠፋም፤ ጋሪውን ወደ ክፍት በር ያዞራል። የሳንባ የደም ሥሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ። አየር ወደማይገባበት ክፍል የሚሄደው ትንሽ ደም ወሳጅ ራሱን አጥብቦ ደሙን አየር ወዳለበት ክፍል ይልካል።

ይህን ያሳዩት ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ የተባሉ ሁለት የስዊድን ሳይንቲስቶች ናቸው፤ በድመቶች ላይ ያደረጉትን ምርምር በ1946 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የሌላው ሰውነት የደም ሥር ኦክስጅን ሲያጣ ይሰፋል፤ የሳንባው ብቻ ይጠባል። ስለዚህ ለእናትየዋ የምንሰጣት መልስ እንዲህ ነው፤ አዎን፣ አስሙ ሲነሳ አንዳንድ የሳንባ የደም ሥሮች ይጠባሉ። ነገር ግን የሚጠቡት ልጁን ለመጉዳት ሳይሆን ኦክስጅኑን ለማዳን ነው።

ዘዴው ግን ወሰን አለው። ሕመሙ ከበረታና ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳንባ ከተዘጋ ደሙ የሚዞርበት ክፍት በር ያጣል። ከዚያም በላይ አየሩ ገብቶ መውጣት ስለሚያቅተው ሳንባው ከመጠን በላይ ይነፋል፤ የተነፉትም ከረጢቶች በዙሪያቸው ያሉትን ቀጫጭን ሥሮች ይጫኗቸዋል። የቀኙ የልብ ክፍል ይደክማል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል። ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ወደ ሆስፒታል ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ወሬ እናርም። «ፓፍ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ልብ ያደክማል» የሚሉ አሉ። ወሬው ከባዶ የተነሳ አይደለም። ሳልቡታሞል የአየር ቧንቧውን ሲከፍት ጠበው የነበሩትንም የደም ሥሮች ስለሚያላላ፣ ደም ገና አየር ወዳልደረሰበት ክፍል ተመልሶ ሊፈስ ይችላል። የደሙም ኦክስጅን ለጥቂት ጊዜ በትንሹ ዝቅ ሊል ይችላል። በሆስፒታል በብርቱ ለታመመ ሰው ከመድኃኒቱ ጋር ኦክስጅን የሚሰጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቧንቧው ሲከፈት ግን ሁሉም ይስተካከላል። ፓፉን የሚያስከለክል ምክንያት ፈጽሞ አይደለም።

ከደጋ የመጣን ሰዎች

ከወገኖቻችን ብዙዎቹ «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ የሀርጌሳ አየር ከበደን» ሲሉ እንሰማለን። ነገሩ በቁጥር ሲታይ የተገላቢጦሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትገኝ ሀርጌሳ 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። በዝቅተኛ ቦታ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን ይበልጣል።

ስለ ደጋ ሰው የሳንባ የደም ሥሮች በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በ3,700 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ጤነኛ የአማራ ተወላጆችን በ1,200 ሜትር ከሚኖሩት ጋር አነጻጸሩ። በደጋዎቹ የሳንባ ደም ወሳጅ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ ግን የሥሮቹ መጥበብ አልነበረም፤ በሳንባቸው ውስጥ የሚያልፈው ደም ብዙ ስለሆነ ነው እንጂ። የደጋው ሰው ሥሮቹን አጥብቦ ሳይሆን ደም አብዝቶ ከአየሩ ማነስ ጋር ይኖራል ማለት ነው። ይህን ስናነብ ትንሽ ኮራን፤ ከአስም ጋር በቀጥታ ባይገናኝም።

ታዲያ ሀርጌሳ ላይ የሚከብደን ምኑ ነው? ከፍታው አይደለም። በሐጋ ወቅት ነፋሱ የሚያነሳው አቧራ አለ፤ በጂላል ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደረቅና ቀዝቃዛው አየር። በጠባብ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ይጨመርበታል። የሶማሊ ጎረቤቶቻችን ዑንሲ፣ የእኛም የቡና ዕጣን አለ። ዕጣን ከቡና ማን ይለያል ትሉን ይሆናል፤ አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ግን ወይ ደጅ ይጨስ ወይ ይቅር። በከተማ መኖሩ ራሱም ሳያመጣው አይቀርም። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ተጠንቶ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ በዝቶ እንደሚገኝ አሳይቷል።

ትንንሾቹ የደም ሥሮች

እስካሁን የተናገርነው ከቀኙ ልብ ስለሚመጣው ብዙ ደም ነው። ሳንባ ግን ሁለተኛ የደም መንገድ አለው። ይህኛው ከግራው ልብ፣ ከትልቁ ደም ወሳጅ ተነስቶ ራሳቸውን የአየር ቧንቧዎቹን የሚመግብ ነው። ልብ ከሚገፋው ደም ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ይደርሰዋል። የልጃችን ምሥጢር የተገኘው እዚህ ነው።

እነዚህ ትንንሽ ሥሮች ከምግብ ማድረስ ሌላ አንድ ሥራ አላቸው። የምንስበውን አየር ያሞቃሉ፣ ያረጥባሉም። ወደ ሳንባ ከረጢቶች የሚደርስ አየር እንደ ሰውነት 37 ዲግሪ መሞቅና በእርጥበት መሞላት አለበት። ቁጭ ብለን በአፍንጫ ስንተነፍስ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ብቻ ስለምንስብ አፍንጫችን ሥራውን ይጨርሰዋል። ስንሮጥ ግን ከ60 እስከ 100 ሊትር እንስባለን፤ ያውም በአፍ። አፍንጫ ይታለፋል፤ ደረቁና ቀዝቃዛው አየር በቀጥታ ወደ ቧንቧዎቹ ይወርዳል። ቧንቧዎቹም ሙቀታቸውንና ውሃቸውን ለአየሩ ይሰጣሉ።

የቧንቧው ውስጠኛ ገጽ ውሃው ሲያንስ የቀረው ጨው ይበረታል፤ ድስት ላይ የተረሳ ወጥ ውሃው ሲመጥ እንደሚጨው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በግድግዳው ውስጥ ያሉ ማስት ሴል የሚባሉ ሴሎች ይቆጣሉ፤ ሂስታሚንና ሉኮትራይን የተባሉትን ኬሚካሎች ይረጫሉ። ኬሚካሎቹ ጡንቻውን ያኮማትራሉ፣ ትንንሾቹንም የደም ሥሮች አስፍተው ፈሳሽ እንዲያፈሱ ያደርጋሉ። ሩጫው ቆሞ ትንፋሽ ጋብ ሲል ደግሞ የቀዘቀዘው ቧንቧ እንደገና መሞቅ አለበት፤ ለዚህም ትንንሾቹ ሥሮች በአንድ ጊዜ በደም ይሞላሉ። ብርድ የመታው እጅ እሳት ዳር ሲሞቅ ቀልቶ እንደሚያብጠው ነው። ባበጠ ግድግዳ መካከል ያለው የአየር መንገድ ይጠባል። ሳይንቲስቶች ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል በሚለው ለብዙ ዓመታት ተከራክረዋል። ዛሬ አብዛኞቹ መድረቁ ዋናው ነው ይላሉ፤ መቀዝቀዝና መልሶ መሞቁ ይጨመርበታል።

በአስም ሕመምተኛ ቧንቧ ውስጥ እነዚህ ትንንሽ ሥሮች ከጤነኛው ይልቅ በዝተውና ብዙ ደም ይዘው መገኘታቸውም በምርመራ ታውቋል። ስለዚህ ማበጡ በእርሱ ይከፋል።

ሕመሙ የሚዘገየው ለምንድነው? በሩጫ ጊዜ ጥልቅ ትንፋሽ ቧንቧዎቹን እየለጠጠ ክፍት ያደርጋቸዋል፤ ሰውነት የሚያመነጨው አድሬናሊንም ይረዳል። ሩጫው ሲቆም ሁለቱም ይቀራሉ። ማፈኑ ብዙውን ጊዜ ብርቱ ሩጫ ከቆመ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከዚያም ቀላል ከሆነ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ በራሱ ይለቃል። እኛ ወደ ክፍላችን የገባነው ልክ በክፉው ሰዓት ነበር።

ኃይሌም ያውቀዋል

አንድ ሰው «አስም ያለበት ሯጭ አይሆንም» ቢል መልሱ ከራሳችን አገር ሰው ዘንድ አለ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አስም አለበት። በ2007 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ በለንደን ማራቶን ወደ 30ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ትንፋሽ አጥሮት አቋረጠ፤ ምክንያቱ በፀደይ አየር ላይ የሚበተነው የአበባ ብናኝ እንደሆነ ተነገረ። በአምስተኛው ወር በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2008 እ.ኤ.አ. መጋቢት ደግሞ የቤይጂንግ የተበከለ አየር አስሙን እንዳይቀሰቅስበት በኦሎምፒኩ ማራቶን እንደማይሮጥ አስታወቀ። በዚያ ኦሎምፒክ የሮጠው 10,000 ሜትር ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ ባሸነፈበት ውድድር ስድስተኛ ወጣ። ወዲያው በመስከረም በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ገባ። ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች ማራቶን የሮጠ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

እኛን የሚያስተምረን ክብረ ወሰኑ ብቻ አይደለም። ኃይሌ አየሩን መረጠ እንጂ ሩጫውን አልተወም። በሴቶች ማራቶን በ2003 እ.ኤ.አ. 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ የሮጠችው እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍም አስም ያለባት ናት።

እንዲያውም ልጅን ማስቀመጥ ጉዳት አለው። የማይንቀሳቀስ ሰው ጡንቻውና ልቡ ስለሚሰንፍ በትንሽ ሥራ ብዙ አየር መሳብ ግድ ይሆንበታል፤ ብዙ አየር ደግሞ ብዙ መድረቅ ነው። የተለማመደ ሰው ያንኑ ኮረብታ በትንሽ ትንፋሽ ይወጣዋል። ልምምድ አስምን አያድንም፤ የመተንፈስ አቅምን ግን ያሻሽላል፤ ሕመሙ የሚቀሰቀስበትንም ደፍ ከፍ ያደርጋል። ያ ልጅ በሁለት ዓመት ጥላ ሥር የጠፋበት ይኸው ነው።

አሁን የምናደርገው

በመጀመሪያ ከእናቱ ጋር ወደ ክሊኒክ ሄድን። ሰማያዊው ፓፍ፣ ሳልቡታሞል፣ የተኮማተረውን ጡንቻ የሚያላላ ነው፤ የቧንቧውን መቆጣት አይነካውም። መቆጣቱን የሚያበርደው በየቀኑ የሚሳበው እንደ ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ ያለ መድኃኒት ነው። በቧንቧው ግድግዳ የሚፈሰውን የበዛ ደምም የሚቀንሰው እርሱ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሰማያዊው ብቻ እንዲታከሙ አይመክርም። ሰማያዊውን ብቻ ደጋግሞ የሚገዛ ሰው ካለ ሐኪሙን ስለ ሁለተኛው ይጠይቅ። ፋርማሲ ሄዳችሁ ቋንቋ ቢያስቸግራችሁ «ኔፍ» በሉ፤ ሶማሊዎች ለአስምም ለትንፋሽም የሚሉት እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጁ ከጨዋታ በፊት ሐኪሙ እንዳዘዘለት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ፓፉን ይወስዳል። ከዚያም ጓደኞቹ ሁሉ አብረውት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሟሟቃሉ፤ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ከዚያ አጫጭር ሩጫ ከዕረፍት ጋር። ይህ ለማማር አይደለም። አስም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ አንድ ጊዜ በመጠኑ ከተሟሟቁ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ቧንቧቸው እንደ ቀድሞው አይቆጣም። በብርድ ጠዋት አፍና አፍንጫውን በሻሽ እንሸፍንለታለን፤ ከጨርቁ ውስጥ የሚሳበው አየር የሞቀና የረጠበ ነው። መጀመሪያ ልጆቹ ሳቁበት፤ በሁለተኛው ሳምንት ግማሾቹ ራሳቸው ሸፍነው መጡ። አቧራ በተነሳ ቀን ስፖርቱ ለሁሉም ይቀራል፤ ጉንፋን በያዘው ቀን ለእርሱ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ጨዋታው ሲያልቅ በድንገት አያቆምም፤ እየተራመደ ይበርዳል። አንድ መምህርም ግማሽ ሰዓት ከአጠገቡ አይለይም። ይህንን ሕግ ያወጣነው ከደረሰብን ተምረን ነው።

ቢያፍነው ደግሞ ቀጥ አድርገን እናስቀምጠዋለን፤ በጀርባ ማስተኛት የለም፣ ውሃ ማፍሰስም የለም፣ ሰው ይበተናል። ሰማያዊውን ፓፍ አንድ በአንድ አራት ጊዜ እንሰጠዋለን፤ አራት ደቂቃ ጠብቀን ካልተሻለው አራት እንደግማለን። አሁንም ካልተሻለው ወደ ግሩፕ ሆስፒታል ነው፤ በመንገድም መስጠቱ አይቋረጥም። አንዳንድ እናቶች ጠንካራ ቡና ያጠጣሉ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአየር ቧንቧን በጥቂቱ እንደሚከፍት እውነት ነው፤ ነገር ግን በፓፍ ቦታ የሚገባ አይደለም።

በመጨረሻም ስለ ጠርሙሱ። ፓፍን በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲነፉት ብዙው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ትንንሽ ልጆች ደግሞ ትንፋሻቸውን ከመንፋቱ ጋር ማስማማት ያቅታቸዋል። ለዚህ የሚሠራው ዕቃ ውድ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ታውን፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ አስም በተነሳባቸው ልጆች ላይ ከሚሸጠው ዕቃ እኩል እንደሠራ አሳይቷል። ጠርሙሱ በደንብ ይታጠባል፤ በቂጡ ላይ የፓፉ አፍ ልክ የሚገባበት ቀዳዳ ይበጃል፤ ዙሪያው አየር እንዳያስወጣ በፕላስተር ወይም በማስቲሽ ይታሸጋል። በኬፕ ታውን የታሸገው ካልታሸገው በልጦ ስለተገኘ ማሸጉን ቸል አትበሉ። ልጁ የጠርሙሱን አንገት በከንፈሩ ገጥሞ ይይዛል፤ ፓፉ ይወዘወዛል፤ አንዴ ይነፋል፤ ልጁም አምስት ወይም ስድስት ጊዜ በቀስታ ይተነፍሳል። ከዚያ ሁለተኛው ይነፋል።

ያ ልጅ ዛሬ በክንፍ ይጫወታል፤ ሁለተኛ ጎሉን ግን እስካሁን አላገባም። ጠርሙሱ በመምህራን ክፍል ከጠመኔው ሣጥን ጎን ተሰቅሏል፤ ስሙ ተጽፎበታል። አስም ያለባቸው ሌሎች አራት ተማሪዎች እንዳሉን ስለምናውቅ ንጹሕ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ያላችሁ ወላጆች በጠዋት ፈረቃ ይዛችሁልን ብትመጡ አብረን እንበጃለን።